የሚልክያስ ክንድና የቶላ ቦርኮቶ

ሚልክያስን ለማዳመጥ ስፒል የነከሰ አፍ መልመድ ያስፈልጋል። ሥራ ላይ ሲሆን ስፒሎቹን በከንፈሮቹ መሐል ይደረድርና እንደዚያው ሆኖ ያወራል፤ ያውም ሲያወራ አያባራም። እንግዳ ደንበኛ ቃሉ ሳይገባው አንገቱን እየነቀነቀ ይሄዳል። እኛ የበረንዳው ሰዎች ግን ስለለመድነው ስፒሉን አውጥቶ ሲናገር ነው የምንደነግጠው። ስፒሉን ካወጣ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

የልብስ ስፌት ሱቁ ጂንካ ገበያ መግቢያ ላይ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ቀጥላ ያለችው ናት። አንድ በረንዳ እንጋራለን፤ በረንዳው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እሱን መስማት ሁለተኛ ሥራዬ ከሆነ ቆይቷል። ሕይወቱንም ያወቅሁት በዚያ ነው፤ ግማሹን ከራሱ፣ ግማሹን ደግሞ እሱ ሲያጋንን ከምታርመው ከባለቤቱ ከአስካል።

ወደ ጂንካ የመጣው ደርግ በወደቀ ዓመት ነው። ገና ጢም ሳያወጣ፣ ከሳውላ በጭነት መኪና ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናውን ራስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ። ጠረጴዛና መርገጫ አልነበረውም፤ ከአጎቱ የወረሰው ያችን የላይኛዋን ብረት ብቻ ነው። ከመኪናው ወርዶ ማረፊያ ሲፈልግ በከተማው መሐል ሰፊ ለምለም ሣር አየ፤ ከብቶች ይግጡበታል። ከረጢቱን ተንተርሶ ጋደም አለ። እንቅልፍ ሳይወስደው ዘበኛ እየጮኸ መጣ። ለካ ሣሩ የአውሮፕላን ማረፊያው ኖሯል። ከብቶቹና ሚልክያስ አብረው ተባረሩ።

"ጂንካ ስገባ መጀመሪያ የተኛሁት አውሮፕላን በሚያርፍበት ላይ ነው" ይላል ሲተርከው፣ እንደ ማዕረግ ቆጥሮት።

አስካል ደግሞ ከውስጥ ሆና ትጨምራለች፦ "ድሮም መኝታ ላይ ዕውቀት የለህም።" ይህን የምትለው በነገር ነው፤ ነገሩም የዚህ ታሪክ መሐል ነው።

አስካል ለጂንካ ጎረቤት የሆነችው የገዘር ልጅ ናት፤ በብሔሯ አሪ ናት። በወጣትነቷ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ታገለግል ነበር። ለመዘምራኑ አንድ ዓይነት ልብስ እንዲሰፋ ሚልክያስ ታዘዘና የሁሉም ልክ ሲሆን የእሷ እጅጌ ብቻ አጠረ። ይዛው ሄደች፤ አስተካክሎ ሰጣት፤ ረዘመ። መልሳ ወሰደችው፤ አሁን ደግሞ ጠበበ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባት። "አንተ ልብስ መስፋት ነው የማትችለው ወይስ መናገር?" አለችው። መናገር እንደማይችል ታወቀ፤ ለነገሩ አፉ ውስጥ ስፒል ነበር። ሰው ልኮ ለመናት፤ ተጋቡ።

በቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። መኪናዋን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም። አስካል ቁልፍ ትተክላለች፣ ታተኩሳለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ መርገጫው ላይ ግን እግሯ አያርፍም። "ይቺ እጅ ታውቃለች" ይል ነበር፤ የሰውን እጅ ከለመደች በኋላ ሌላ ካገኘች ክር ትበጥሳለች እያለ። አስካል ትስቅበታለች እንጂ አትከራከረውም። ለምን እንደማትከራከረውም ኋላ ላይ ታወቀ።

ልጃቸው ቤቴል በቁርጥራጭ ጨርቅ ነው ያደገችው። ደንበኛ ከተወው ከዚህ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ እየቀጠለ ሲያለብሳት እሑድ እሑድ ከሩቅ ትለያለች። ከፍ ብላ አብነት የሚባል የገዘር አስተማሪ ሽማግሌ ሲልክባት፣ ሚልክያስ ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ቤተሰቡ ከጠየቀ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አስታወቀ። የሙሽራ ቬሎ አርባ ምንጭ ሄዶ መከራየት የሚባል ነገር አይነሳም። የልብስ ሰፊ ልጅ በሰው ልብስ አትዳርም፤ ቬሎውን እሱ ነው የሚሰፋው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው ቅዳሜ ተቆረጠ። ነጭ ሳቲን ከሐዋሳ አስመጣ። ጥር ላይ አንድ ዓርብ ሌሊቱን ሲቆርጥ አደረ። ሳቲን አይጨበጥም፤ ከመቀሱ ሥር እንደ ዓሣ ይሸሻል። ጎህ ሲቀድ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ፣ ለስፌት ብቻ ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከሰዓት ፀሐዩ በረታ፣ ሰው ቀለል አለ፣ ሚልክያስም ዓይኑ እምቢ አለው።

እዚህ ላይ ቶላን ላስተዋውቃችሁ። ቶላ የበና ሰው ነው፤ ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ከብት ያረባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በረንዳችን ላይ ሳያርፍ አይመለስም። ሚልክያስ አንድ ጊዜ የሱረት ትምባሆ መያዣውን በልኩ የምትይዝ የውስጥ ኪስ ያላት ኮት ሰፍቶለት ነበር፤ ቶላም በገዛ እጁ የጠረባትን ቦርኮቶ አመጣለት። ቦርኮቶ የበናና የሐመር ወንዶች በሄዱበት ይዘዋት የሚሄዱ ትንሽ የእንጨት ዱካ ናት፤ ሲቀመጡ ወንበር፣ ሲተኙ ትራስ ትሆናለች። ሚልክያስ ስጦታውን ከስፌት መኪናዋ ጎን አስቀምጦ ለደንበኛ ሁሉ ያሳያል።

እና በዚያ ቅዳሜ ቦርኮቶዋን አግዳሚው ላይ አድርጎ ጋደም አለ። ጭንቅላቱን ሲያሳርፍ እንጨት ነው፤ ቆረቆረው። ትንሽ ተገላበጠ። ከዚያ የከተማ ሰው ብልሃት መጣለት፤ ቀኝ ክንዱን ቦርኮቶዋ ላይ አነጠፈና ጭንቅላቱን በክንዱ ላይ ጫነ። እንዴት እንደተመቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ድንጋይ ተኛ።

የነቃው ደንበኛ ጠርቶት ነው። መቀሱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ መቀሱ ወደቀ። ደገመ፤ ወደቀ። እጁን ከፍ አድርጎ አየው። ክንዱ ይነሳል፣ ክርኑ ይታጠፋል፤ ከእጅ አንጓው በታች ያለው መዳፉ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ቀና አላለም፤ ጣቶቹም አልተዘረጉም። ተኝቶበት ደንዝዞ ነው ብለን ሁላችንም ሳቅን። አራገፈው፣ አሸው፣ በውሃ ነከረው። አመሻሽ ላይ መሳቃችንን ተውን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምርመራው በየአፉ ደርሶ ነበር። ግማሹ ብርድ መትቶት ነው አለ። ሌላው ስትሮክ ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንዱ ወጌሻ ጎትቶ እንዲያስገባው ሰው ልላክ አለ።  ሚልክያስ ቤት ሲደርስ የተቆረጠውን ሳቲን ገልጦ አየውና መልሶ ሸፈነው፤ ይህንን አስካል ናት የነገረችኝ። ወጌሻውንም እሷ ናት የመለሰችው። ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

የተቀበለን ኖላዊ የሚባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሚልክያስ ስለ ስትሮክና ስለ ልጁ ሰርግ ሊያወራ ሲሰናዳ ኖላዊ የጠየቀው ሌላ ነው፦ "ጋሼ፣ ቅዳሜ ምን ላይ ተኙ?"

ሚልክያስ በጥያቄው ቅር አለው። ለመኝታ አልመጣሁም የሚል ፊት አሳየ። አስካል ናት የመለሰችው፤ ቦርኮቶዋን፣ የተነጠፈውን ክንድ፣ ሁሉንም። ኖላዊ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፈገግ ይበሉ አለው፤ ፊቱ አልተጣመመም። ሁለቱን ክንዶች አስነሳው፤ ተነሱ። ክርኑን አስዘረጋው፤ ተዘረጋ። መዳፉን ቀና ያድርጉ ሲለው ግን ምንም የለም። በጥጥ የእጁን ጀርባ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሚገናኙበትን ነካ ነካ አደረገው። ሚልክያስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መቼ ነው የምትነካኝ ብሎ ጠየቀ። ነክቶት ጨርሶ ነበር።

"ጭንቅላትዎ ደህና ነው፣ አጥንትዎም ደህና ነው። ነርቭ ነው" አለ ኖላዊ።

በእኛ ከተማ ነርቭ የማይባል በሽታ የለም። ራስ ምታትም ነርቭ ነው፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰውም ነርቭ አለበት። ሚልክያስም ደንግጦ "ነርቭ አለብኝ ማለት ነው?" አለ።

"ሁላችንም አለን ጋሼ። ባይኖረን መች እንዲህ እንነጋገር ነበር?"

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አደረገና አስረዳው። ነርቭ ማለት በሺህ የሚቆጠር ክር አንድ ላይ የተጠቀለለበት ገመድ ነው። እያንዳንዱ ክር የአንዲት ሴል ጅራት ነው። መዳፍን ቀና የምታደርገው ሴል ዋና አካሏ በዓይን የማይታይ ኢምንት ነገር ሆኖ አንገት ላይ፣ በአከርካሪው ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ አካል ዙሪያ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተኑ አጫጭር እጆች ይወጣሉ፤ ከጎረቤት ሴሎች ወሬ የምትቀበለው በእነሱ ነው። ከብዙ አቅጣጫ የመጣውን ወሬ ትደምራለች፤ በቂ ሆኖ ካላገኘችው ዝም ትላለች፣ በቂ ከሆነ በረጅሙ ጅራቷ ቁልቁል ትለቀዋለች። ጅራቷ ከአንገት ተነስቶ በብብት አልፎ፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ እስከ ታችኛው ክንድ ጡንቻ ይወርዳል። ጡንቻው ሲኮማተር መዳፍ ቀና ይላል። በዚያው ገመድ ውስጥ ደግሞ ወደ ላይ የሚልኩ ሌሎች አሉ፤ የእጅን ጀርባ ነክተው ስሜቱን ይዘው የሚወጡ።

ሚልክያስ አፉ ውስጥ ስፒል ባይኖርም ከንፈሩን ገጥሞ ነበር የሚሰማው።

"አንዲት ሴል? ከአንገቴ እስከ ክንዴ አንዲቷ?"

"አንዲቷ።"

"ሳትቀጠል?"

"ሳትቀጠል።"

ሚልክያስ አፏጨ። ሰው ዕድሜ ልኩን ክር ሲቀጥል ኖሮ እንዲህ ያለ ክር በገዛ ክንዱ ውስጥ እንዳለ ሲሰማ ሌላ ምን ያደርጋል?

ኖላዊ ቀጠለ። ክሩ ራቁቱን አይደለም፤ ማይሊን የሚባል የስብ ሽፋን እየተጠቀለለ ያለብሰዋል። ሽፋኑ ደግሞ ወጥ አይደለም፤ በየመሐሉ ጠባብ ክፍተት አለው። መልእክቱ ሽፋኑ ሥር ሽው ብሎ በየክፍተቱ ብቅ እያለ፣ የሚዘል እየመሰለ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የሚፈጥነው። ወይጦ ሜዳ ላይ ከሚከንፍ ከየትኛውም መኪና ይፈጥናል አለ።

"ገበር ያለው ክር ነው በለኛ" አለ ሚልክያስ፣ በደህናው ግራ እጁ አየሩ ላይ ብቅ ጥልቅ እያደረገ። "እሱማ ስፌት ነው!" ከቅዳሜ ወዲህ ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

የሆነውም ይኼ ነበር። ነርቩ የክንዱን አጥንት ከኋላ በሚዞርበት ቦታ፣ ከሥሩ ቦርኮቶ፣ ከላዩ የሚልክያስ ጭንቅላት ሆነው ጨፍልቀውታል። እዚያ ላይ መልእክቱ ቆሟል። አሁን ጥያቄው አንድ ነው። የተጎዳው ገበሩ ብቻ ከሆነ፣ ሰውነት የራሱ ገበር ሰፊዎች አሉት፤ በሳምንታት ውስጥ መልሰው ይጠቀልሉታል። ውስጡ ያለው ክር ራሱ ተበጥሶ ከሆነ ግን ከተበጠሰበት ጀምሮ እንደ ጥፍር ቀስ እያለ ማደግ አለበት፤ ያ ወራት ይወስዳል። ፋሲካ ያልፋል፣ ሰርጉ ያልፋል።

የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ ሚልክያስ። ኖላዊ አልዋሸውም። እንዲህ ተኝተው የሚመጡት አብዛኞቹ ገበሩ ብቻ የተጎዳባቸው ናቸው፤ ግን ዛሬ በእጄ ነክቼ ይህ ነው ልል አልችልም አለ። እስከዚያው ማንም እንዳይጎትተው፣ እንዳያሸው፤ በየቀኑ በግራ እጁ መዳፉን ቀና ቀና ያድርገው፤ ያን ጊዜም ቀኙ ራሱ ሊነሳ እንዲሞክር ይዘዘው። ክንዱም እንዳይንጠለጠል መደገፊያ ሠራለት፤ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጦ፣ በሙቀት አለስልሶ፣ ከመዳፍ እስከ ክንድ እንደ ማንኪያ የሚይዝ።

ሚልክያስ መደገፊያውን አገላብጦ አየና "ገበር የለውም" አለ። ገበር የሌለው ነገር አይለብስም። ሱቅ ገብቶ አስካልን ከሳቲኑ ቁራጭ እንድታለብሰው አዘዛት፤ በእጅ መርፌ ማለቱ ነበር። አስካል ወንበሩን ሳበች፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ክሩን አስገባች፣ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈች። ከእኔ ሱቅ ሆኜ ድምፁን ስሰማ ሚልክያስ ዳነ ብዬ ነው የሮጥኩት። ስደርስ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ አፉን ከፍቷል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ክርም አልተበጠሰ።

"አንተ ጉባኤ እያልክ ሳውላ ስትሰነብት" አለች ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ፣ "የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የሚቀመቅመው መልአክ መስሎህ ነው?"

በቀጣዩ ቅዳሜ ቶላ መጣ። ተንጠልጣዩን እጅ አየ፣ ታሪኩን ሰማ፤ መጀመሪያ አዘነ፣ ከዚያ እንዴት እንደተኛ እንዲያሳየው ጠየቀ። ሚልክያስ አሳየው። ቶላ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደገፈ።

"አንተ ሰው፣ ይሄ የራስ ነው" አለ። "ክንድ የራሱ አልጋ አለው፤ ጎን ነው።"

ከዚያም አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ቦርኮቶዋን ከጆሮው ሥር፣ አንገቱ ጋ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ አሳየን። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ሚልክያስ በበኩሉ ስለ ሴሏ፣ ስለ ጅራቷና ስለ ገበሯ ለቶላ ተረከለት፤ ያን ሰሞን ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቶላ በጥሞና ሰምቶ፣ ክሩ ጡንቻው ላይ በምን እንደታሰረ ጠየቀ። ሚልክያስ አልታሰረም አለ፤ ኖላዊን በሁለተኛው ቀጠሮ ጠይቆት ነበር። ክሩና ጡንቻው አይነካኩም፤ በመሐላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክቱ እስከ ክሩ ጫፍ በኤሌክትሪክ መጥቶ እዚያ ላይ ይወርዳል፤ ከጫፉ የሚፈስ ኬሚካል ክፍተቱን ተሻግሮ ጡንቻውን ይቀሰቅሰዋል።

"ወንዝ ሲሞላ" አለ ሚልክያስ፣ "ከመኪና ወርደህ በእግርህ ትሻገርና ከማዶ ሌላ መኪና ትይዝ የለ? እንደዚያ ነው።"

ቶላ ይህን ወንዝ ሲሞላ ስንት ጊዜ እንዳደረገው አስታውሶ ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ ያንተ መንገደኛ ወንዙም ጋ አልደረሰ" አለው። "መንገድ ላይ ነው የቆመው።" ሲሄድ ቦርኮቶዋን አንስቶ ብብቱ ሥር አደረጋት። እጅህ ሲነሳ ትመለሳለች፤ እስከዚያው አደገኛ ሰው ነህ አለው።

ሳምንታት አለፉ። ከውጭ ሲያዩት ቤቱ ሳቅ ነበር፤ ግን ሚልክያስ በየማለዳው ክንዱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጎ መዳፉን ሲያዝ፣ መዳፉም እንዳልሰማ ሆኖ ሲቀር አይ ነበር። እሑድ ዝማሬው ሲሞቅ ሁሉም እጁን ወደ ላይ ያነሳል። እሱም ያነሳል፤ ግራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀኙ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል። ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ እናቶች እንኳ አንዱን ዓይናቸውን ከፈት አድርገው ያቺን እጅ እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ እኔም አይ ነበርና።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ አንድ ከሰዓት ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። ቤቴል አጠገቡ ነበረች።

"ቤቴልዬ፣ አርባ ምንጭ ሂጂና ኪራይ እዪ" አላት።

ቤቴል ሳቲኑን ገልጣ አየችው። "አባዬ፣ ጨርቁ ተቆርጧል። ካልደረሰ በስፒል አያይዤው እገባለሁ፤ ስፒል እንደሁ አንተ አፍ ውስጥ ሞልቷል።"

 ሚልክያስ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወደ አስካል አስጠጋውና ተቀመጪ አላት። ሕጉ የተሻረው በዚያች ቃል ነው።

ከዚያ ወዲያ በረንዳችን እንዲህ ደምቆ አያውቅም። አስካል ትሰፋለች፤ ሚልክያስ መደገፊያውን አስሮ፣ በእሷ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ሳቲኑን ይይዝላታል። መዳፉ በመደገፊያው ቀና ስላለ መጨበጥ ጀምሮ ነበር፤ የያዘውን መልቀቅ ነው የሚያቅተው። ሲጣበቅበት እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትፈታለታለች። ሲመራት ይጮኻል፣ ስትሳሳት ይጮኻል፣ ሳትሳሳትም ይጮኻል። እሷም ጋሽ መሐንዲስ እያለች ትስቅበታለች።

አንድ ቀን ቬሎውን ቤቴል ላይ አድርገው ወገቡን ሲለኩ አስካል ስፒል ስትወጋ ሳተችና የሚልክያስን እጅ ጀርባ ወጋችው፤ ያንን በጥጥ ሲነካ ያልሰማውን ቦታ። ሚልክያስ እጁን ሳበ። ሦስቱም ተያዩ።

"እስቲ ድገሚው" አለ።

አስካል ያበደ መሰላት። ድገሚው እያለ እጁን ዘረጋላት። ቀስ ብላ በስፒሉ ጫፍ ነካችው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከሕመሙ አይደለም። ጉንዳን የሚሄድበት መሰለኝ አለ፣ ይነዝረኛል አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሱቅ መጥቶ ስክሪብቶ አንስቼ እንድወጋው ለመነኝ። ጎረቤት ሁሉ ተራ በተራ ወጋው። ሰው እየተወጋ እንዲህ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኖላዊ በስልክ ሲሰማ ደስ አለው፤ ግን ስሜት የሚያመጡት ክሮች ሌላ፣ ትእዛዝ የሚወስዱት ሌላ መሆናቸውን አስታወሰው። መዳፉ ገና ነው።

መዳፉን ያነሳው ፀብ ነው። አስካል እጅጌውን ሰፍታ ቤቴል ላይ ለካችው። ሚልክያስ ለማለዳው ልምምድ መደገፊያውን ፈትቶ ነበር። አየው፤ አጠረ። በአንድ ጣት አጠረ። እንዴት አድርገሽ ነው የለካሽው ብሎ ሁለት እጁን ወረወረ፤ ቀኝ መዳፉም ብድግ አለ። ሙሉ አይደለም፤ ሰው ከሩቅ ሰላም ሲል ያህል። ወዲያው ወደቀ። ሚልክያስ አላየውም፤ ገና እየተቆጣ ነበር።

"አባዬ፣ እጅህ" አለች ቤቴል።

"የምን እጄ? እጅጌው!"

"እጅህን ተነስ በለው" አለችው።

ያን ጊዜ ገባው። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ስትቀልድ የኖረችው አስካል አሁን ሥራዋን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ከአንገቱ አንዲት ሴል፣ ሳትቀጠል፣ አዲስ በተጠቀለለው ገበሯ ሥር መልእክቷን ለቀቀች፤ መዳፉም እየተንቀጠቀጠ ቀና አለ። ወደቀ። እንደገና ቀና አለ።

አስካል የቬሎውን እጅጌ አነሳች። "እጅጌውን ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት" አለች። "እኔም ሦስት ጊዜ ላመላልስህ ብዬ።" እውነቷን ይሁን ቀልዷን እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየፈጠነ መጣ። መዳፉ በረታ፣ ጣቶቹ ተከተሉ፣ አውራ ጣቱ ግን ሰነፈ። ፋሲካ ሲደርስ ሚልክያስ መኪናዋ ላይ ተመልሶ የቬሎውን ዘርፍ ዙሪያውን ራሱ ቀመቀመው፤ የጀርባውን ቁልፎች አንድ በአንድ ራሱ ተከለ። የቀረውን ሁሉ የሰፋችው አስካል ናት። የት ላይ የእሷ ስፌት አብቅቶ የእሱ እንደሚጀምር ፈልጌ አላገኘሁትም፤ እሱ ግን አገኘዋለሁ ይላል።

በሰርጉ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት ጭምር ይታይ ነበር። ኖላዊ ከፊት ተቀምጧል። ቶላም መጥቷል፤ የውስጥ ኪስ ያላትን ኮቱን ለብሶ፣ ብብቱ ሥር አንድ ነገር ይዞ ከኋላ ቆሟል። ቤቴል በነጩ ሳቲን ስትገባ እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። መዘምራኑ ቀጠሉ፣ ሕዝቡ እጁን አነሳ። ቤቴል ዓይኗን ወደ ሙሽራው ሳይሆን ወደ አባቷ ሰደደች፤ እኛም ሁላችን ተከትለናት አየን። ግራው ቆሟል። ቀኙም ቆሟል፤ አውራ ጣቱ ብቻ ትንሽ ዘንበል ብላለች።

ውጭ ስንወጣ ቶላ ሰዉን እየከፈለ መጣና ቦርኮቶዋን ከብብቱ አውጥቶ ለሚልክያስ ዘረጋለት። በቀኝህ ተቀበለኝ አለው። ሚልክያስ በቀኙ ተቀበላት፣ ጨበጣት፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳያት። ሴቶቹ እልል አሉ። ክንዱ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መዳፉ ግን አልወደቀም።

አስካል ከኋላ መጥታ ቦርኮቶዋን ከእጁ ወሰደችበት። ጣቶቹ ወዲያው ለቀቁላት፤ ማንም አልፈታለትም።

"እኔ ጋ ትቆይ" አለችው። "ዛሬ እንኳ አትተኛባትም።"